የዘጠነኛው ጉድጓድ ጭቃ

ጥቅምት ሲገባ የአዳማ ነፋስ የአንዱን ሰፈር አቧራ ወደ ሌላው ሰፈር ማመላለስ ይጀምራል። ባለፈው ጥቅምት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ይህንኑ አቧራ ስራገም የግቢው በር ተንኳኳና አንዲት ቀጭን ልጅ ካርቶን አቅፋ ገባች። ቦንቱ እባላለሁ አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ በዚያው ለዶክትሬቷ ትማራለች። እኔ ጡረታ የወጣሁበት መሥሪያ ቤት ዕቃ ቤቱን ሲያጸዳ ከተሰባበሩ ወንበሮች ሥር አሮጌ ጭቃ ተገኝቶ ሊጣል ሲል ደርሳ፣ ለምና እንደወሰደችው አወራችኝ። ጭቃ ለምኖ የሚወስድ ሰው ካየሁ አርባ ዓመት ስለሆነኝ ወዲያው ወደድኳት።

«እትዬ አስካለ፣ ከጭቃው ጋር የተገኘው ደብተር ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የእርስዎ ነው ብለውኛል» አለችና ካርቶኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ከውስጡ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ክንድ ተኩል የሚሆን፣ እንደ ሸክላ የደረቀ ዘንግ አወጣች። ላስቲኩ ከጭቃው ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ስላላት ከያዘችው ኮዳ ትንሽ ውሃ ጠብ አደረገችበት።

ያኔ ሽታው መጣ። የከረመ እንቁላል፣ የሣር ሥርና የሳሙና እጣቢ ቢቀላቀሉ እንዲህ ይሸታሉ። ተነስቼ ጫማዬን እንኳ ሳላደርግ ወደ ማድ ቤት ገባሁና የውሃ ገንዳውን ይዤ ቆምኩ። ሰባ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴት ነኝ፤ ጉልበቴም ደሜም መድኃኒት ላይ ነው። ያቺን ደቂቃ ግን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ረግረግ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ኋላዬ ዘሃራ ስትስቅ ይሰማኝ ነበር።

ስመለስ ቦንቱ ጭቃውን በሁለት እጇ ይዛ እያገላበጠች ነው። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ይሄ ዘጠነኛው ጉድጓድ ነው። ከሌሎቹ ጋር አልገጥም አለኝ። ደብተሩ ቀይ ምልክት ያለበት ጫፍ ላይኛው ነው ይላል። ልክ ነው? ላይኛው ጫፍ የትኛው ነው?»

በዓለም ላይ ይህን ጥያቄ መመለስ የምችል እኔ ብቻ ነኝ። አብረውኝ የቆፈሩት ሁሉ ሞተዋል።

«ዛሬ ራሴን አሞኛል፣ ልጄ። ነገ ነይ» አልኳት።

ከተማችን የጥንት ስሟን አዳማን ከመለሰች ይኸው ስንት ዓመቷ፤ የእኔ አፍ ግን ትዝታ ላይ ሲሆን ናዝሬት ይላል፣ ይቅር ይበለኝ። ያኔ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ከዛፎቹ ሥር የፈረስ ጋሪዎች ተደርድረው ይቆሙ ነበር። በስሙኒ ከጣቢያው እስከ መሥሪያ ቤቴ በር ያደርሱኛል፤ ባለጋሪው ቀልደኛ ከሆነ ደግሞ እግረ መንገዱን በነፃ ይሳለቅብኛል። የሚሳለቅበት አያጣም፤ የምለብሰው ከጉልበት ከፍ ያለ የቴርጋል ቀሚስ ነው፣ ከላዩ ነጭ የላብራቶሪ ካፖርት፣ እግሬ ላይ ደግሞ ለረግረጉ ብዬ የገዛሁት የኮንጎ ጫማ። ወንዶቹም ከኛ አይሻሉም። ታቹ መንገድ የሚጠርግ ሱሪ ለብሰው፣ አፍሯቸው ላይ የእንጨት ማበጠሪያ ሰክተው፣ ጥግ ላይ ባለችው ሻይ ቤት በር ተደግፈው ይውላሉ። ሻይ ቤቷ አንድ ሸክላ ብቻ ነበራት መሰለኝ፤ ጠዋትም ማታም ያው ዘፈን ነው። መርፌው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይዘላል፤ ዘፋኙ ልጅቷን ጠርቶ ሳይጨርስ ሌላ ስንኝ ውስጥ ይገኛል። እኛ የናዝሬት ልጆች ዘፈኑን የምናውቀው እንደዚያ ተዘሎ ነው፤ በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ ሙሉውን ስሰማ የተሳሳቱት እነሱ መሰሉኝ። ፓስቲ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሲሰጥ የጋዜጣው ቀለም ሊጡ ላይ ይታተምና ዜናውን አብረን እንበላዋለን። አሁን ያቺ ሻይ ቤት የነበረችበት ላይ ባለ ስድስት ፎቅ ቆሟል፤ ምድር ቤቱ ስልክ ይጠግናሉ፣ ባጃጆች ደግሞ ከፊቱ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ። ባለፈው ስልኬ ሲበላሽ ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ ቆሜ ያለሁት ሸክላው ይዞርባት የነበረችው ጠረጴዛ ቦታ ላይ መሆኑ ትዝ አለኝና ስልኩን ሳላሠራ ተመለስኩ።

አለቃዬ ኢንጂነር በላቸው ይባል ነበር። ከካኪ ቁምጣው ሥር ካልሲውን እስከ ጉልበቱ የሚስብ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የማይጠፋ፣ ከሰው ይልቅ ከጭቃ ጋር መነጋገር የሚቀናው ሰው ነበር። መጀመሪያ የቀጠረኝ ቀን ጠረጴዛው ላይ ጭቃ ዘርግቶ አስተማረኝ። ባሕር ባለበት አገር፣ አለኝ፣ ባሕሩ እየመጣ በሚመለስበት ዳርቻ ጨው የለመደ ሣር ይበቅላል። ሣሩ ውሃው ጥሎት የሚሄደውን ደለል እየያዘ በየዘመኑ ይደራርበዋል። ያንን ጭቃ ሳይበተን ቀጥ አድርጎ ያወጣና ከላይ ወደ ታች ያነበበ ሰው፣ ባሕሩ በየትኛው ዘመን ከፍ እንዳለ፣ በየትኛው እንደወረደ ያውቃል። «እኛ ባሕር የለንም። ጨዋማ ሐይቅ ግን አለን፤ ዳርቻውም ሣር አለው። እነሱ ባሕራቸውን እንዳነበቡት እኛም በሰቃን እናነበዋለን።» አያይዞም ሰውም ወረቀትም ይዋሻል፣ ጭቃ ግን አይዋሽም አለኝ፤ ይህን ሲል ጣቱን ያነሳ ነበር። አምኜው ነበር፤ አሁንም አምነዋለሁ።

በሰቃ መተሐራ አጠገብ ያለው ሐይቅ ነው። ውሃው ጣት መሃል ሲገባ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ አይጠጣም። ዙሪያው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከላዩ ፈንታሌ ተራራ፣ አለፍ ሲል ደግሞ ባቡር። ያን ጊዜ ሐይቁ ማደግ ከጀመረ ሰንብቶ ነበር። ለምን እንደሚያድግ ሁሉም የየራሱ ምክንያት ነበረው። ዳር ዳር የነበሩ ቤቶች መጀመሪያ የግድግዳቸው እግር ላይ ነጭ ጨው ያወጣሉ፣ ከዚያ መደባቸው ይርሳል፣ በመጨረሻ ሰዎቹ ቆርቆሯቸውን ነቅለው ይወጣሉ። የወጡት ቤተሰቦች የት ይስፈሩ ሲባል ከላይ ጥያቄ መጣ፤ ውሃው በሰው ዘመን ደርሶበት የማያውቅ መሬት የቱ ነው? ኢንጂነር ጭቃውን እንጠይቀው አለ። እኔ፣ እሱና አራት የቀን ሠራተኞች በላንድሮቨር ወርደን ዳርቻውን መቆፈር ጀመርን።

ዘሃራን ያወቅኳት ያኔ ነው። ከአርሲ መጥታ የባቡር ሐዲድ የሚጠግን ሁሴን የሚባል ሰው አግብታ ነበር። የመጀመሪያ ቤቷን ውሃው ወስዶባት በድንኳን ነበረች። ምግብ እየሠራች ታበላን ነበር። ኑሪያ የምትባል የሦስት ዓመት ልጅ ነበረቻት፤ የቡድናችንን ወንፊት እንደ ኮፍያ ደፍታ ትሮጣለች፣ እኔ አባርራታለሁ፣ ዘሃራ ትስቃለች። ዘሃራ ስትስቅ ሰው ሥራ ይፈታል። ዕድሜያችን እኩል ስለነበር ቶሎ ተግባባን፤ እሷ ኦሮምኛ ታስተምረኛለች፣ እኔ ጥፍሯን ቀለም እቀባታለሁ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ናዝሬት ስመለስ ከጣቢያው አጠገብ ካለው ሱቅ ቀይ የጥፍር ቀለም ገዝቼ የምወርደው ለሁለታችን ነበር። በኋላ ለሥራም ዋለ፤ ቀለም እርጥብ ላስቲክ ላይ አልይዝ ሲለን የጥፍር ቀለሙ ያዘ። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱ ጭቃ ላይኛው ጫፍ በእኔ ጥፍር ቀለም ይታወቅ ጀመር።

አሠራራችን እንዲህ ነው። የላዩን ሕይወት ያለውን ሣር እንገፍፋለን። የብረቱን ቱቦ በመዶሻ እየመታን እናስገባዋለን፣ በገመድ እንስበዋለን፣ ጭቃውን ሳይሰበር ገፍተን ለሁለት በተሰነጠቀ አሸንዳ ላይ እናስተኛዋለን። አሸንዳ ላይ የተኛ ጭቃ ሁለቱም ጫፉ አንድ ዓይነት ነው፣ እናቱም አትለየው። ስለዚህ ደንብ ነበረን፤ ላይኛው ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ፈንታሌ። ተራራው ከየትም ስለሚታይ ማንም አይሳሳትም ብለን ነው። ዘሃራ ይህን አይታ «የእናንተ ጭቃ ሲሰግድ ቂብላው ፈንታሌ ነው እንዴ?» እያለች ትቀልድብን ነበር።

ዘጠነኛው ጉድጓድ ከውሃው ራቅ ያለ፣ ደልደል ያለ ሜዳ ላይ ነበር። ሦስት ግራሮች ነበሩበት። የሁሉም ዓይን ያረፈው እዚያ ላይ ነው፤ ውሃው አይደርስበትም ከተባለ ቤተሰቦቹ የሚሰፍሩት እዚያ ነበር። ጭቃውን አውጥተን አሸንዳው ላይ እንዳስተኛነው ምሳ ደረሰ። ዘሃራ ጩኮና እርጎ ይዛ መጥታለች። ወንዶቹ ወደ ምግቡ ሄዱ፤ ፀሐዩ ግን አናት የሚበሳ ነበርና ጭቃው ከመጠቅለሉ በፊት እንዳይሰነጠቅ ፈራሁ። «ነይ ያዥልኝ» አልኳት። እሷ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ይዘን አሸንዳውን ወደ ግራሩ ጥላ ወሰድነው። ግንዱን ዞረን፣ ኑሪያን እንዳንረግጣት ደግሞ ወዲህ ዞረን፣ እየሳቅን አስቀመጥነው። በላን። ኢንጂነር ቶሎ በሉ ሲል ብድግ አልኩ፣ ጭቃውን በላስቲክ ጠቀለልኩ፣ ቀና ብዬ ፈንታሌን አየሁና በዚያ በኩል ያለውን ጫፍ ቀይ ቀባሁ።

ኢንጂነር ናዝሬት ገብቶ ላስቲኩን በጎኑ ሰንጥቆ ሲያነበው ዓይኑ አበራ። በቀይ ምልክት በኩል ያለው የላይኛው ክፍል ሁሉ ደረቅ አፈርና ጨው ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ የቀንድ አውጣ ዛጎሎች ያሉበት ንጣፍ ከታች ነው፣ ጥግ። ይህ ማለት ሐይቁ እዚያ ሜዳ ላይ ተኝቶ የነበረው ከብዙ ዘመን በፊት ነው፣ ማንም በማያስታውሰው ዘመን። ውሃው እዚያ አይደርስም የሚለውን ወረቀት በዚያው ሳምንት ጽፎ ላከ።

እኔ ከወረቀቱ በኋላ በወንፊት ላጥብ ትንሽ ጭቃ ስቆርስ ነው ያየሁት። ጭቃው ውስጥ የደረቁ የሣር ሥሮች ነበሩ። ሥር ከላይ ይወፍርና ወደ ታች ሲሄድ እየቀጠነ ይበተናል። እነዚህ ግን ወደ ቀዩ ምልክት እየቀጠኑ ይሄዳሉ። ሌላ ቦታ ቆረስኩ። እዚያም እንደዚያው ነው። ሣር ሥሩን ወደ ሰማይ አይሰድም። ግራሩን ስንዞር ጭቃው ተገልብጧል፤ ዛጎሎቹ ያሉት ከላይ ነው፤ ሐይቁ እዚያ ሜዳ ላይ የነበረው ትናንት ነው፣ በቅድመ አያቶቻችን ጊዜ። ተመልሶ እንደሚመጣ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

ተነስቼ እስከ ኢንጂነር በር ሄጃለሁ። እጄን በሩ ላይ አድርጌያለሁ። ውስጥ ሁለት እንግዶች ነበሩ፤ ድምፃቸው ይሰማኛል። ያን ጊዜ ስህተት የሚባል ነገር አልነበረም፣ ልጆቼ፤ አሻጥር ነበር የሚባለው። ጎረቤታችን የነበረ አንድ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ፋይል አጥፍቷል ተብሎ ተወስዶ ሚስቱ ስንቅ ስታመላልስ አይቻለሁ፤ አንድ ቀን ስንቁን አታምጪ አሏት። እኔ የምጦራት እናት ነበረችኝ። እጄን ከበሩ ላይ አንስቼ ወደ ወንፊቴ ተመለስኩ፣ የቆረስኩትን ደፋሁ፣ ደብተሩ ላይ «ላይኛው ጫፍ፦ ቀይ» ብዬ ጻፍኩ። ምክንያቴ ይሄ ነው። ብዙ ሰው ምክንያት ይሆናል ይለኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ፍርሃቴ ካለፈ በኋላም፣ ያ ዘመን ካለፈ በኋላም ዝም ስላልኩ በእሱ ልሸፈን አልችልም።

ቤተሰቦቹ ሰፈሩ። ዘሃራ ቤቷን የሠራችው ልክ ጉድጓዳችን አጠገብ ነው። «የአስካለ ጉድጓድ ያለበት ላይ ነው የምሠራው፣ ገድ ነው» ብላ ለሰው ሁሉ አወራች። በዓመቱ ክረምት ሲወጣ ኑሪያን ወባ ገደላት። ለቅሶ ስደርስ ግራሩ ሥር ቀብረዋት፣ ራስጌና ግርጌዋ ሁለት ድንጋይ ተተክሎ ነበር። ሰሌን ላይ ተቀመጥኩ። ዘሃራ አንገቴ ላይ ተንጠልጥላ አለቀሰች፤ አንገቴ ላይ የእንባዋ ሙቀት አሁንም አለ። ያኔም አልተናገርኩም። በለቅሶ ላይ እንዴት ይነገራል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ከዚያ አራት ዓመት ያህል ቆይቶ መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጣች። በባቡር መጥታ፣ ከጣቢያው በእግሯ፣ አዲስ ሻሽ አስራ። የቤቷ ግድግዳ እግር ላይ ነጭ ነገር ማየቷን ነገረችኝ። ሼኹን ጠይቃለች፤ ውሃ የሚደርስበት ከሆነ የልጅቷን አፅም ወደ ደረቅ መሬት ማዛወር ይቻላል ብለዋታል፤ ካልሆነ ግን የተኛን ሰው አትረብሹ ብለዋል። ሁሴን አይደርስም ባይ ነው፣ ወረቀቱ አለ እያለ። «አንቺ ጭቃውን ታውቂዋለሽ» አለችኝ። «ውሃው ይደርሳል? አዎ ካልሽኝ ነገ አወጣታለሁ። አይደርስም ካልሽኝ አልነካትም።»

በሩ ክፍት ነበር፤ ኢንጂነር በኮሪደሩ ያልፍ ነበር። «አይደርስም» አልኳት። ዓይኗን እያየሁ ነው ያልኩት። አመስግናኝ ሄደች። ከቦርሳዋ ሁለት ብርቱካን አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ትታልኝ ሄደች።

ውሃ ሲመጣ አይሮጥም። እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ለዚህም ነው ሰው እስከ መጨረሻው ይቆማል እያለ የሚጠብቀው። በሁለተኛው ዓመት ሁሴን ቆርቆሮውን ነቅሎ ወለንጪቲ ወሰዳቸው። ግራሩ ሥር ያሉት ድንጋዮች ያን ጊዜ ከውሃ በታች ነበሩ። እኔ ከባቡር መስኮት አንድ ቀን አየሁት፤ ሦስቱ ግራሮች ሐይቁ ውስጥ ደርቀው ነጭ ሆነው ቆመዋል፣ ወፎች ሰፍረውባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ወደ ድሬዳዋ የሄድኩባቸውን ጊዜያት ሁሉ በሌላኛው ጎን ተቀምጬ ነው የሄድኩት፤ ወንበር ካጣሁ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ኑሪያን በሕልሜ አይቻት አላውቅም፤ በቀን ነው የምትመጣው። ምስር ሳጥብ፣ ወንፊቱ ውስጥ። ግድግዳ ላይ የእርጥበት መስመር ባየሁ ቁጥር። ቤቴን በየዓመቱ ኖራ የማስቀባው ለዚያ ነው፤ ጎረቤቶቼ ንጹሕ ሴት ይሉኛል። ዘሃራ ወለንጪቲ እንዳለች ሁልጊዜ አውቅ ነበር። ሁሴን ሲሞት እንኳ ሰምቻለሁ፤ አልሄድኩም። ከአዳማ ወለንጪቲ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ይህን መንገድ ሠላሳ ምናምን ዓመት አልሄድኩትም።

ቦንቱ በማግስቱ ስትመጣ ሽሮ ሠርቼ ጠበቅኳት። አልበላሁም። ጭቃውን ከካርቶኑ አውጪው አልኳት፤ አወጣችው። ቀዩ ምልክት ጠቁሮ ቡናማ ሆኗል፤ ግን አለ።

«በዚህ በኩል ታች ነው» አልኳት። «ምልክቱ ያለበት ታች ነው። ላይኛው ያኛው ነው። ሥሮቹን እያቸው።»

አጉሊ መነጽሯን አውጥታ ጎንበስ አለች። ረጅም ጊዜ አየች። ቀና ስትል ፊቷ እንደ ልጅ በርቶ ነበር፤ ሥራው የገጠመለት ሰው ፊት ነው፣ አልፈርድባትም። «ልክ ገባ!» አለች። «ከሌሎቹ ጋር ልክ ገባ። እዚያ ድረስ ደርሶ ነበር ማለት ነው፣ ያውም በቅርብ። ዛሬም እኮ ዳርቻው ላይ ቤት እየሠሩ ነው፣ እትዬ፤ እስከየት እንደሚያሰጋ የሚያሳይ ካርታ ውስጥ ይገባል ይሄ።» ከዚያ ፊቴን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያኔ አውቀውት ነበር?»

«በሳምንቱ።»

«ለምንድን ነው ያልተናገሩት?»

«ፈራሁ» አልኳት። ይህን ቃል ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ያን ያህል አጭር መሆኑ ገረመኝ።

ቦንቱ ጭቃውን መልሳ ቀስ ብላ ጠቀለለችው። «እኔ ናሙናው ተገልብጦ ነበር ብዬ ነው የምጽፈው። የማንም ስም አያስፈልግም» አለች፤ ልታጽናናኝ ፈልጋ ነው። ለወረቀትሽ አያስፈልግም አልኳት። ለሌላ ሰው ያስፈልጋል።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከመናኸሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዘሃራ ከኑሪያ በኋላ የወለደችው ልጅ ወለንጪቲ ዋናው መንገድ ላይ ጎሚስታ ቤት አለው፤ ለመጠየቅ አልተቸገርኩም። ከሱቁ ኋላ ባለች ክፍል አልጋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጉልበቷን ያማታል፤ ጸጉሯ በሒና ቀልቷል። አላወቀችኝም። ስሜን ስነግራት ግን «አስካለ? የጭቃዋ አስካለ?» ብላ ያንን ሳቋን ሳቀች። ሳቋ አላረጀም። አቅፋ ሳመችኝ፣ ጎኗ አስቀመጠችኝ፣ አካም ጅርታ እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ፣ ለምን ጠፋሽ ብላ ወቀሰችኝ፣ ሻይ በወተት አስፈላችልኝ። ሞተሻል ብዬ ዱዓ አድርጌልሽ ነበር አለችኝ። ሻዩን ልጠጣው ስላልቻልኩ አስቀምጬ መናገር ጀመርኩ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ወንፊቱን፣ ሥሮቹን፣ የኢንጂነርን በር፣ ደብተሩ ላይ የጻፍኩትን። አንድ ነገር ብቻ ዘለልኩ፤ ያን ቀን አሸንዳውን በሌላው ጫፍ የያዘችው እሷ መሆኗን። እሱን እኔው ይዤው እሞታለሁ፤ ያን ያህል እንኳ ላድርግላት።

ስጨርስ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፍቶ ነበር። ከውጭ የጎማ መንፊያው ሞተር ይንቀጠቀጥና ዝም ይላል፣ ይንቀጠቀጥና ዝም ይላል።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ጓዛችሁን ሳትጭኑ።»

«ኑሪያ እያለች?»

«አዎ።»

«ብርቱካን ይዤልሽ የመጣሁ ቀንስ?»

«አውቅ ነበር። አይደርስም ያልኩሽ እያወቅኩ ነው። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ እውነቱን ሳትሰሚ እንዳትቀሪ ብዬ ነው።»

ነጠላዋን ወደ ጉልበቷ ጎተተች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፤ ብትጮህ በወደድኩ። እጄን ግን አልለቀቀችውም፤ መናገር ከጀመርኩ አንስቶ ይዛው ነበር፣ የረሳችው መሰለኝ።

«ልጄን አላህ ወሰዳት አልኩ» አለች። «ውሃው መቃብሯን ሲወስደውም የእሱ ፈቃድ ነው አልኩ። መጀመሪያ አልዋጥልኝ ብሎ ነበር። ስንት ዓመት ታገልኩት። ከዚያ ተቀበልኩት። ሁሴንም ሲሞት፣ ጉልበቴም ሲታመም፣ ያንን የቻልኩ ሴት ይሄ አያቅተኝም እያልኩ ነው የኖርኩት። አሁን መጥተሽ የሰው ነው ትይኛለሽ።» ዞር ብላ አየችኝ። «የአላህን ችዬው ነበር፣ አስካለ። የሰውን እንዴት አድርጌ ነው የምችለው?»

የጠየቀችኝ የምር ነበር። እጄን እንደያዘች፣ መልሱን እስክነግራት ትጠብቀኝ ጀመር።